ሳቁን ከቤቱ አታስለቅቁብን

የምንወደው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፊልም ሊሆን ነው ሲባል ሌላው «እሰይ» ይላል፤ እኔን ግን ከወዲሁ ድካም ድካም ይለኛል። ነገሩ የት እንደሚደርስ ስለማውቀው ነው። ለዓመታት አንድ ሳሎን፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ እየተነታረኩ ያሳቁን ሰዎች ሻንጣቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። ሳሎኑ ይዘጋል። ሳቁም እዚያው ተቆልፎበት ይቀራል። እኛ ደግሞ ከፍለን ገብተን፣ የምናውቃቸውን ሰዎች በማናውቀው ባሕር ዳር ሲንከራተቱ እያየን፣ አሁን ያስቁናል አሁን ያስቁናል እያልን እንጠብቃለን። ሰዓት ተኩል ሙሉ እንጠብቃለን።

ሳሪስ አቦ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። እኛ ሰፈር ኮሜዲ የሚታየው በቁርጥራጭ ሰዓት ነው፤ ፀጉር ቤት ወረፋ ስንጠብቅ፣ ምሳ ቤት ሽሮው እስኪቀርብ፣ ማታ ራት ተበልቶ ልጆቹ ሳይተኙ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታችን የቆመው ሰው በስልኩ የሚያየውን በትከሻው ላይ አሻግረን እናያለን፤ ድምፁ ባይሰማንም አብረን እንስቃለን። የግማሽ ሰዓት ሲትኮም ለዚህ ኑሮ በልክ የተሰፋ ልብስ ነው። መብራት ሳይጠፋ ያልቃል፤ እንቅልፍ ሳይጥለንም ያልቃል።

ፊልም ሲሆን ጣጣው ይበዛል። ወደ ሐዋሳ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሊቲን ሳናልፍ ፊልሙ ይከፈታል። ድምፁ ወይ ጆሮ ይበጥሳል ወይ ከነጭራሹ አይሰማም። ልክ ሊያስቅ ሲል ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ለምሳ ወርደን ስንመለስ ያቆምንበትን የሚያስታውስ የለም፤ ከመጀመሪያው ይከፈትልናል። ሁለተኛ ጊዜ እያየነው መናኸሪያው ይደርሳል። መጨረሻውን የሚነግረን አንድ ቀን ያን ፊልም አይቶ የጨረሰ ጎረቤት ነው፤ እሱም ሳይጠየቅ ይነግረናል።

ሲኒማ ቤት መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ የቀን ሥራ ነው። ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአቦ መስቀለኛ ተሳፍሮ ስታዲየም መውረድና ወደ ብሔራዊ ቴአትር መራመድ ይቻላል፤ ያ መልካም ነው። የማታው መመለስ ግን ያስጨንቃል። ፊልሙ ሳያልቅ ሰዓት የምናየው ሰልችቶን ብቻ አይደለም፤ ታክሲ የሚጠፋበት ሰዓት ስለሚደርስ ነው። ይህን ሁሉ ችሎ የመጣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያየው ያስቀው የነበረውን ነገር ትልቅ ስክሪን ላይ ደርቆ ሲያገኘው ቢማረር ይፈረድበታል?

ሲትኮምን ፊልም በማድረግ እንግሊዞችን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980 ድረስ በቴሌቪዥን ከተወደዱት ሲትኮሞቻቸው ብዙዎቹ ወደ ሲኒማ ተወስደዋል። የወሰዳቸው ጥበብ ሳይሆን ችግር ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ሲኒማ ቤቶቹ ሰው አጡ፤ የፊልም ኩባንያዎቹም ገንዘብ አጠራቸው። ሕዝቡ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚወደውን አዩና ያንኑ ትኬት ቆርጦ እንዲያየው አደረጉ። ተዋናዮቹ ታዋቂ፣ ታሪኩ የተለመደ፣ ወጪው ትንሽ። ሀመር የተባለው ኩባንያ ስሙ የሚጠራው በድራኩላና በፍራንከንስታይን አስፈሪ ፊልሞች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን የአውቶቡስ ሠራተኞችን ሕይወት የሚያሳየውን «ኦን ዘ በሲስ» የተባለ ሲትኮም ፊልም አድርጎ አወጣና በዚያ ዓመት በብሪታኒያ ከፍተኛ ገቢ ካገኙት ፊልሞች ግንባር ቀደም ሆነለት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው?

የዚህን ሲትኮም ሰዎች እኛ ሳሪስ አቦ ላይ በደንብ እናውቃቸዋለን። ሾፌሩ ስታን አለ፤ ትኬት ቆራጩ ጃክ አለ፤ ሁለቱን ቀኑን ሙሉ የሚያሳድድ ኢንስፔክተር ብሌክ የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። የእኛ ተራ አስከባሪና ረዳት በየማለዳው የሚጣሉትን ጠብ ያየ ሰው ብሌክን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። ስታን ደግሞ ቤቱ ሲገባ እናቱ፣ እህቱና የእህቱ ባል በአንድ ጣሪያ ሥር ይጠብቁታል። ሥራ ላይ ብሌክ፣ ቤት ውስጥ ዘመድ፤ ማምለጫ የለውም። የሚያስቀው እሱ ነው። ሀመር በ1972 ሁለተኛ፣ በ1973 ሦስተኛ ፊልም አከታተለ። በሦስተኛው ስታንና ጃክ ከሥራ ተባረው ዌልስ ውስጥ ወዳለ የእረፍት መንደር ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ብሌክም የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ምን አመጣው? ፊልሙ ያለ እሱ እንደማያስቅ ስላወቁ ጎትተው አመጡት። ዴፖው ውስጥ ማንም ሳይጎትተው በራሱ እግር ይመጣ ነበር።

ከሁሉ የሚያሰለቸኝ ስፔን ነው። «አር ዩ ቢይንግ ሰርቭድ» የአንድ ትልቅ የልብስ መደብር ሠራተኞችን የሚያሳይ ሲትኮም ነበር፤ ጨዋታው ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ ማን ከማን በላይ እንደሆነ፣ ማን ለደንበኛ መጀመሪያ እንደሚቀርብ። እ.ኤ.አ. በ1977 ፊልም ሲሆን መደብሩ ይታደሳል ተባለና ሠራተኞቹ በሙሉ ወደ ስፔን ለእረፍት ተላኩ። ስፔን የተባለውም ቦታ እዚያው እንግሊዝ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር። ባንኮኒውንም አጣን፣ ስፔንንም አላየን። የአባትና የልጅ ሲትኮም የሆነው «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን»ም በ1972 ፊልም ሲሆን ልጅየውን ዳሩትና ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ስፔን ላኩት፤ አባትየውንም አስከተሉበት። ጆን ክሊዝ ስለ ሆቴል ባለቤቱ ባዝል ፎልቲ ፊልም ለመሥራት ያሰበ ጊዜ የመጣለት ሐሳብም ባዝል የአስተናጋጁን የማኑዌልን ቤተሰብ ለማየት ወደ ስፔን ሲበር ነበር። ክሊዝ ግን ሐሳቡን ተወው። የባዝል ሲትኮም «ፎልቲ ታወርስ» በ1975 እና በ1979 በተሠሩት 12 ክፍሎቹ ተወስኖ ቀረ። ዛሬም ድረስ ሰው የሚያነሳው፣ የማይሰለቸው ሲትኮም ነው። ባለመሥራቱ ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

ስቴፕቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነውና። አባትና ልጅ ለንደን ውስጥ ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው። እኛ ቆራሌ የምንለው ሥራ ነው። ቤታቸው በሰው አሮጌ ዕቃ ተሞልቷል። ልጁ ሀሮልድ ይህን ኑሮ ጥሎ መሄድ ይፈልጋል፤ መጽሐፍ ያነባል፣ ከሰው እኩል መሆን ያምረዋል። አባቱ ደግሞ ብቻውን እንዳይቀር ይፈራል፤ ስለሚፈራም ያጠምደዋል፣ ያሾፍበታል፣ እንዳመመው ያስመስላል። በየክፍሉ መጨረሻ ሀሮልድ እዚያው ነው። ደራሲዎቹ ሬይ ጋልተንና አላን ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሰውን ያሳቁትም ያስለቀሱትም በዚህ መቅረቱ ነው። ሀሮልድን አውሮፕላን ላይ ስታሳፍረው ያ ሁሉ ነገር ይበተናል። መሄድ የሚችል ሰው ከሆነ ለምን ያን ያህል ዓመት አልሄደም? ፊልሙ ሳያውቀው ቴሌቪዥኑን ውሸታም ያደርገዋል።

ይህን ፊልም ሠሪዎች የሚረዱት አይመስለኝም። ሲትኮም የሚያስቀው ሰዎቹ መሄጃ ስለሌላቸው ነው። ማታ ተኮራርፈው ጠዋት እዚያው በረንዳ ላይ መገናኘታቸው ነው። የተናገሩትን ክፉ ነገር ይዘው የሚሸሹበት ሌላ ክፍል የላቸውም። ፊልም ግን ለውጥ ይወዳል፤ መነሻ፣ መንገድ፣ መድረሻ ይፈልጋል። በሲትኮም ሰው አይለወጥም፤ ቢለወጥ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እናያለን? ሰውየው ተምሮበት፣ ታርቆ፣ ተቃቅፎ ሲጨርስ ሳይ እኔ የማዝነው ያን ጊዜ ነው፤ የማውቀው ሰው ስለጠፋብኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ባለሙያ ብቻ የሚያስበው ይመስላል እንጂ ተመልካችም ይሰማዋል። አብዛኞቹ የድሮ የእንግሊዝ ሲትኮሞች የሚቀረጹት ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነበር። ተዋናዩ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል። ፊቱን ያዞራል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ሳቁ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛውን ይጨምርበታል። ጨዋታው በሳቁ ላይ የተሰፈረ ነው። ካሜራው ከስቱዲዮ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲቀርጽ ያ ሰው የለም። ተዋናዩ ይናገራል፤ ዝም ይላል፤ ማንም አይመልስለትም። ሳቅ መጠበቅ የለመደ ተዋናይ ከጠበቀ ነገሩ ይደርቃል፤ ካልጠበቀ ሲኒማ ቤት ያለው ሰው ሲስቅ ቀጣዩ ንግግር ያመልጠዋል። በመድረክ ቴአትር ይህን ጠንቅቀን እናውቃለን። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» ለረጅም ዓመታት ሰው ሲጠራ የኖረው ሳቅና ዝምታ አዳራሹ ውስጥ እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ ነው። አንዱን ሳሎን ከሰውና ከሳቁ ነጥለህ ብታወጣው የሚቀረው ወንበርና ግድግዳ ነው።

ሚስተር ቢንን የሚያነሳብኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዴት አላነሳውም? ቋንቋ ስለማይፈልግ እኛ ጋ አውቶቡስም፣ ካፌም፣ የሕፃናት ክፍልም ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 የተላለፉት ጥቂት ክፍሎች ናቸው፤ በዓለም ዙሪያ ሰው እስኪጠግብ አይቷቸዋል። በ1997 ፊልም ሲሆን ሎስ አንጀለስ ወሰዱት፤ በ2007 ደግሞ ፈረንሳይ። ገንዘቡን አመጣ፤ የመጀመሪያው ብቻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። እኔ ግን ገንዘቡን አልከራከርም። ጠባቡ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ከአሻንጉሊት ድቡ ጋር ሲተኛ ያስቀን የነበረው ሰው ከአንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ የሰው ትዳር ሲያስታርቅ ማየት አድክሞኛል። ብቸኝነቱ ነበር ያ ሰውዬ። ቤተሰብ ሰጡት።

ሁሉንም በአንድ ላይ አልኮንንም። አንድ ፊልም አለ፤ በነገሩ ሁሉ ተስፋ እንዳልቆርጥ የሚያደርገኝ። «ፖሪጅ» በሚባለው ሲትኮም ሮኒ ባርከር ፍሌቸር የተባለ ልማደኛ እስረኛ ሆኖ ይጫወታል፤ ሪቻርድ ቤኪንሴል ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰረውን ልጅ ጎድበርን። እስር ቤት ነው፤ ከዚህ በላይ መሄጃ የሌለው ቦታ የለም። ደራሲዎቹ ዲክ ክሌመንትና ኢያን ላ ፍሬናይ በ1979 ፊልም ሲሠሩበት ሁሉም እንደሚያደርገው ሰዎቹን ወደ ውጭ አወጧቸው። ግን እንዴት አወጧቸው! ታዋቂ ሰዎች ከእስረኞች ጋር ኳስ ሊጫወቱ ይመጣሉ፤ በዚያ ግርግር ሌላ እስረኛ ሲያመልጥ ፍሌቸርና ጎድበር ሳይፈልጉ አብረው ይወጣሉ። የፍርዳቸው ጊዜ ሊያልቅ የተቃረበ ሰዎች ስለሆኑ ማምለጣቸው ከታወቀ አለቀላቸው። ስለዚህ ሰው ሳያያቸው ተመልሰው ወደ እስር ቤቱ ሰብረው መግባት አለባቸው። ፊልሙ ሰዎቹን ከቤታቸው አወጣቸው፤ ሰዎቹ ግን ቤታችን መልሱን እያሉ ሮጡ። እንዲህ ነው የሚሠራው። የተቀረጸውም በእሳት ምክንያት እስረኞቹ በወጡለት በቼልምስፎርድ እስር ቤት ውስጥ ነው፤ ግድግዳው እውነተኛ ነው። ቤኪንሴል ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳይገባ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በ31 ዓመቱ አረፈ። ያን እያወቁ ፊልሙን ማየት ሆድ ያባባል።

ተዋናይ ሲሞት ወይም ሲያረጅ ሌላ ሰው ይተካል ብለው የሚያስቡም አሉ። «ዳድስ አርሚ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገር ሊጠብቁ የተሰለፉ ሽማግሌዎችን የሚያሳይ ነበር፤ ከ1968 እስከ 1977 በቢቢሲ 80 ክፍሎች ተላልፈውለታል። በ1971 በራሳቸው ተዋናዮች አንድ ፊልም ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዋናዎቹ አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ ቶቢ ጆንስን፣ ቢል ናይን፣ ካትሪን ዜታ-ጆንስን የመሳሰሉ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው አዲስ ሠሩት። ችሎታ አላነሳቸውም። ግን ሰው አንድን ገጸ ባሕርይ ዓመት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ካስተናገደው ዘመዱ ነው። አበበ ባልቻን በመንገድ ላይ «አስናቀ» ብለን የምንጠራው አገር አይደለም ወይ የእኛው? አስናቀን የተጫወተበት ድራማ «ሰው ለሰው» ካለቀ ስንት ጊዜው ነው? ያንን ሰው ነገ ሌላ ተዋናይ ይጫወተው ቢባል እኛ ሰፈር ጠብ ይነሳል።

ከውጭ መጥቶ እኛ ጋ የሚሠራ የለም ማለቴ አይደለም። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ እንግሊዝ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። የእንግሊዞችን ኮሜዲ አጥንት አይቶ፣ ገብቶት መጣ። ነገር ግን «ያላቻ ጋብቻ»ንም ሆነ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፍ ለንደንን ጭኖ አላመጣብንም፤ የእኛን ቤት፣ የእኛን የክብር ጭንቀት፣ የእኛን የጋብቻ ጣጣ አስገባበት። የጄ.ቢ. ፕሪስትሊን ቴአትር «ጠያቂ» ብሎ ሲያመጣውም እንዲሁ። ፀጋዬ ገብረ መድኅንም ሞሊየርን በአማርኛ ሲያናግር ያ ፈረንሳዊ እኛ ጎረቤት የተወለደ መሰለ። ከዚያም በፊት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን፣ ከላፎንቴን ተረቶች ተነስቶ ኮሜዲ ሆኖ ነው የመጣው። አሜሪካኖቹም ስቴፕቶን ወስደው በ1972 «ሳንፎርድ ኤንድ ሰን» ሲያደርጉት አባትና ልጁን ጥቁር አሜሪካውያን አደረጉ፤ ከለንደን ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰዷቸው፤ የአሮጌ ዕቃውን ግቢ ግን አልነኩትም። ተሳካላቸው። አገር ቢቀየር ሳቅ አይሞትም፤ ግቢው ሲቀየር ግን ይሞታል።

የእኛዎቹ ፊልም ሠሪዎች ይህንን ከአያቶቻቸው መማር ሲችሉ ወደ ስፔን ከሚሸሹት ፊልሞች የተማሩ ይመስላሉ። በቴሌቪዥን ጥሩ ጀምረን ነበር። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» አንድ ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ስንት ዓመት አብሮን አመሸ። በፋና ቴሌቪዥን የተላለፈው «ምን ልታዘዝ» የአገርን ጉዳይ በሙሉ አንድ ካፌ ውስጥ ጨርሶታል፤ አስተናጋጁና ደንበኛው ከጠረጴዛ ሳይርቁ ስንት ነገር ተባለ። ከእነሱም በፊት ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ለበዓል ዝግጅት በጥቂት ደቂቃ ጨዋታ አገር ያሳቁ ነበር። አንዳቸውም ሰፊ ቦታ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ፊልም ስንመጣ ግን ሁሉም ነገር ይሰፋል። ቤቱ ባለ ብዙ ክፍል ቪላ ይሆናል። ሳሎኑ ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ አይመስልም፤ ምንጣፉ አልተረገጠም፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ የተረሳ ብርጭቆ የለም። የሚጣሉት ሰዎች በየራሳቸው ክፍል ገብተው በር ይዘጋሉ፤ ጠቡም እዚያ ያልቃል። ከዚያ ፍቅረኛሞቹ ሐይቅ ዳር መሄድ አለባቸው። የእኛ ስፔን ቢሾፍቱ ነው። ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ደግሞ በእኛው በሳሪስ አቦ በኩል ያልፋል። ሳቅ ፍለጋ ሪዞርት የሚሄድ ሰው እኛን በመስኮት እያየ አልፎን ይሄዳል። እዚህ ቢወርድ ኖሮ!

እዚህ ቢወርድ የሚያገኘው አንድ ግቢ ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ብዙ ቤተሰብ። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ማን ስንት አምፖል እንዳበራ የሚነሳው ክርክር ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣዋል። ምጣድ ማን ጣደ? ማታ ውሃ ሲመጣ ማን ነው ተነስቶ ለራሱ ብቻ የቀዳ? ፍሪጅ የገዛው ተከራይ ለምን ደበቀው? አቦ ሲነግሥ መንገዱ በሰው ይጥለቀለቃል፤ የተጣላ ጎረቤት ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይገናኛል፤ ታቦቱ ፊት ተሳስመው ግቢ ሲገቡ የቆጣሪው ነገር ይቀጥላል። ይህን የማውቀው ከአንድ ሰው ሰምቼ አይደለም፤ ሁላችንም የምንኖረው ነው። ሁላችንም እያማረርን የምንስቅበት ነው።

እንግሊዞች ይህንኑ ሠርተውታል። «ራይዚንግ ዳምፕ» የሚባለው ሲትኮም ሪግስቢ ስለተባለ አከራይ ነው፤ ሊዮናርድ ሮሲተር ይጫወተዋል። እርጥበት የበላው ቤት፣ የተከራዮቹን በር ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ማን ማን ጋ እንደገባ የሚቆጥር አከራይ። ኤሪክ ቻፔል የጻፈው ሲሆን ከ1974 እስከ 1978 ተላለፈ። ከተከራዮቹ አንዱ ፊሊፕ የአፍሪካ አለቃ ልጅ ነኝ እያለ ሪግስቢን ያስጨንቀዋል። በ1980 ፊልም ሲሆን ከቤቱ ርቀው አልሄዱም፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ግን ፊልም መጨረሻ ስለሚፈልግ የፊሊፕን ምስጢር አወጡት፤ ለካ የክሮይደን ልጅ ነው። ለዓመታት ሳይነገር ያሳቀንን ነገር በአንዲት ትዕይንት አቃጠሉት። ለምን? ማን ጠየቃቸው? ጎድበርን የተጫወተው ያ ቤኪንሴልም እዚህ ከተከራዮቹ አንዱ ነበር፤ ፊልሙ ሲሠራ የለም፤ በሌላ ሰው ተተካ።

ሪግስቢ ሳሪስ አቦ ቢመጣ ያለ አስተርጓሚ ቤት ያከራያል። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጥሩ ሆኗል፤ ለጸሐፊ ማለቴ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዝዟል፤ አከራዩም እንደ ድሮው በፈለገው ቀን ኪራይ መጨመር ወይም ተከራይ ማስወጣት አይችልም። ይህ ማለት አከራይና ተከራይ ቢጠላሉም ሁለት ዓመት አብረው መኖር አለባቸው ማለት ነው። አከራዩ ማስወጣት አይችልም፤ ተከራዩ በዚህ ዋጋ ሌላ ቤት አያገኝም። የትኛው የእንግሊዝ ጸሐፊ ነው ከዚህ የበለጠ የተቆለፈ በር ያገኘ?

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ፕሮዲውሰር ካለ፣ የምንወደውን ሲትኮም ፊልም ላድርገው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የምለምነው ነገር አለኝ። ሻንጣ አታስይዟቸው። ሪዞርት አትውሰዷቸው። ቪላ አትከራዩላቸው። ካሜራውን ይዛችሁ ከዋናው መንገድ ግቡና አንድ ግቢ አስፈቅዱ። አከራዩ ሳያንኳኳ ይግባ። ተከራዩ በሌሊት ምጣድ ይጣድ። ሰዓት ተኩሉ ሲያልቅም የመብራቱ ሒሳብ ገና አልተከፈለም፤ ከውሉ ገና አንድ ዓመት ከስምንት ወር ይቀረዋል።